የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪን እንዴት እናሠራው? በጎጃም ቴሲስ ለምትጽፉ

ይህን የምጽፈው በዋናነት ለጂሲዎች (ለተመራቂ ተማሪዎች) እና ለማስተርስ ተማሪዎች ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ፔዳ ሁኑ ፖሊ ወይም ዘንዘልማ፣ ደብረ ማርቆስ ሁኑ እንጅባራ፣ ነገሩ ያው ነው። ብዙ ተማሪ ላይብረሪውን የሚያውቀው በንባብ አዳራሹ ብቻ ነው። ሃንድአውቱን ይዞ ይገባል፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ያነባል፣ ይወጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ (ቴሲስ) ሲመጣ ግን ይህ አይበቃም። አማካሪው «እስካሁን ምን አነበብክ?» ሲል መልስ ይጠፋል።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። በመጽሐፍ ብዛት የእኛ ላይብረሪዎች ከሀብታም አገር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር አይወዳደሩም። ሼልፉ ላይ ያለው ብዙው ያረጀ ነው፤ የአዲሱ ደግሞ ኮፒው ጥቂት ነው። ነገር ግን ሌላ የትም የማይገኝ ሀብት አላቸው። በእኛው ወረዳና ቀበሌ ላይ የተሠሩ ጥናቶች እዚያ አሉ። የት እንደተቀመጡ የሚያውቁ ሠራተኞችም አሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከተለመደው ገልብጬዋለሁ። ሰውና ቴሲስ ይቀድማሉ፤ ጉግል ቆይቶ ይመጣል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንዝለቅ። አንዲት ተማሪ ስለ ዲከረንስ ልትጽፍ ነው እንበል። አዊ ውስጥ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ፣ ብዙ ገበሬ ማሳውን በዚህ ከአውስትራሊያ በመጣ ዛፍ ሸፍኖታል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል። ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ከዚያ እንደገና ይተከላል። መሬቱ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ያለው ገበሬ ዛፉን ወዶታል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሽታ ገብቶበታል። የግብርናውም፣ የኢኮኖሚክሱም፣ የጂኦግራፊውም ተማሪ ሊጽፍበት የሚችል ርዕስ ነው።

1. መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፉ

«ስለ ዲከረንስ» ብላችሁ ላይብረሪ አትግቡ። ርዕስና ጥያቄ ይለያያሉ። «ዲከረንስ የተከሉ የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ገቢያቸው እህል ብቻ ከሚዘሩት ይበልጣል ወይ?» ይህ ጥያቄ ነው። አሁን ቁልፍ ቃላቱን አውጡ፦ ዛፉ፣ ከሰል፣ የገበሬ ገቢ፣ ወረዳው፣ አሲዳማ አፈር። እያንዳንዱን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉት። የዛፉን ሳይንሳዊ ስም ሳትዘነጉ አካሲያ ዲከረንስ ብላችሁ ያዙ። ገበያ ላይ የምንጠራበት ስም ካታሎግ፣ ማለትም የላይብረሪው የመጻሕፍት መዝገብ፣ ውስጥ ላይኖር ይችላል።

2. ሰው ጠይቁ

ይህን የሚያደርገው ተማሪ ጥቂት ነው። ይሉኝታ ይሁን ፍርሃት አላውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየዞረ አንዴም ጠይቆ የማያውቅ አለ። የማጣቀሻ ክፍሉ ባለሙያ ሥራው ይኸው ነው። ጠዋት ሂዱ፤ ያኔ ሰው አይበዛም። በሚድና በፋይናል ሰሞን ግን አታስቡት። ንግግሩ ረጅም መሆን የለበትም።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ቴሲስ ልጽፍ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ዲከረንስ። ከገበሬው ገቢ ጋር አያይዤ።»

«የት ወረዳ?»

«ፋግታ ለኮማ።»

«እሱማ ተሠርቶበታል። የግብርናዎቹን ዘንዘልማ ሄደሽ እይ። የጂኦግራፊዎቹን እዚሁ አሳይሻለሁ።»

የመጨረሻዋን መልስ ልብ በሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአንድ ግቢ የተጀመረ ተቋም አይደለም። ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተከፈተ። ፔዳ ደግሞ መነሻው የመምህራን ማሠልጠኛ ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ሁለቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ዓ.ም. ነው። ካምፓሶቹ ከዚያም ወዲህ በዝተዋል። መጽሐፉም እንደዚያው ተበታትኗል። የምትፈልጉት ከእናንተ ግቢ ስለጠፋ የለም ማለት አይደለም። በሌላው ካምፓስ ገብታችሁ ለማንበብ መታወቂያ ብቻ ይበቃ እንደሆነ፣ ወይስ ደብዳቤ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ባጃጅ ተሳፍሮ ደርሶ በር ላይ መመለስ ያናድዳል።

በዚያው ንግግር ሦስት ነገር ጨምሩ። የኦንላይን ጆርናሎች የይለፍ ቃል ለተማሪ ይሰጣል ወይ? የፍለጋ ሥልጠና መቼ አለ? ሪዘርቭ የሚባሉት፣ ማለትም ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሰጡት መጻሕፍት፣ እንዴት ይወሰዳሉ? ሠራተኛው ቢያመናጭቃችሁ አትቀየሙ። እኔም አንድ ላይብረሪ ውስጥ ገጥሞኛል። በነጋታው ፈረቃ ላይ የነበረችው እህት ግን መደርደሪያው ድረስ ወስዳ አሳየችኝ። ፈረቃ ቀይሩና ሞክሩ።

3. ቴሲሶቹን ከኋላ ጀምራችሁ አንብቡ

የመመረቂያ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይቀመጣሉ። ወደ ውጭ አይወጡም፤ እዚያው ይነበባሉ። የአዳዲሶቹ ሶፍት ኮፒ ዩኒቨርሲቲው ባለው ዲጂታል ማከማቻ ይገኛል። የቆዩት ግን ወረቀት ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው ኢንተርኔት ላይ ስለ ወረዳችሁ ምንም ስታጡ ተስፋ መቁረጥ የሌለባችሁ።

አነባበብ ላይ ብዙ ሰው ጊዜውን ያባክናል። ከመጀመሪያው ገጽ ተነስቶ ስለ ዓለም ደን ታሪክ ሰላሳ ገጽ ያነባል። ከኋላ ጀምሩ። መጀመሪያ የዋቢ ዝርዝሩን እዩ፤ ለእናንተ የሚሆኑትን አምስት ስድስት ጽሑፎች እዚያ ታገኛላችሁ። ቀጥሎ አባሪው ውስጥ ያለውን መጠይቅ ተመልከቱ። ተማሪው ገበሬውን ምን ብሎ እንደጠየቀ ስታዩ የራሳችሁን መጠይቅ ማሻሻል ትችላላችሁ። ከዚያ «ለወደፊት ጥናት» የሚለውን ክፍል አንብቡ። እዚያ ውስጥ አንዳንዴ የእናንተ ርዕስ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። በመጨረሻ ዘዴውና ውጤቱ።

ሁሉም ቴሲስ ጥሩ አይደለም። አንዱ ከሌላው የገለበጠው ይገኝበታል። ሦስት ጽሑፍ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከያዙ ጠርጥሩ፤ ዋናውን ምንጭ ሳታዩ ቁጥር አትውሰዱ። እናንተም ብትገለብጡ የሚያጋልጥ ሶፍትዌር አለ።

ቁጥር ከተነሳ፣ የስታቲስቲክስ ሪፖርቶችን ክፍል ጎብኙ። የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገራችን የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። ስትጽፉ «ትንበያ» ብላችሁ ጻፉ። ፈታኝ መምህር ይህን ይወዳል፤ ባትጽፉት ደግሞ ይይዛችኋል።

4. ሼልፉን አንብቡት

መጽሐፉ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ቁጥር አድራሻው ነው። በሦስት አሃዝ የሚጀምር ከሆነ ዴዊ ይባላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ከጀመረ የአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ አመዳደብ ነው። ዴዊ ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ይከፋፍላል። 300ዎቹ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ 500ዎቹ መሠረታዊ ሳይንስ፣ 600ዎቹ ሕክምና፣ ምሕንድስናና ግብርና ናቸው። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእኛዋ ተማሪ ርዕስ አንድ ነው፤ መጻሕፍቷ ግን አንድ ቦታ የሉም። ስለ ደን 634.9 ላይ ታገኛለች። ስለ አፈር 631.4 ላይ። የግብርና ኢኮኖሚክሱ 338.1 ስለሆነ ምናልባት ሌላ ፎቅ ነው። «ስለ ዲከረንስ መጽሐፍ የለም» ብሎ የሚመለሰው ተማሪ አንዱን መደርደሪያ ብቻ ያየ ነው። ስለዚህ የቁጥር ዝርዝር አውጥታችሁ ዙሩ። አንድ የሚሆናችሁ መጽሐፍ ስታገኙ ግራና ቀኙን እዩ፤ ወንድሞቹ እዚያው ናቸው።

የጨረሳችሁትን መጽሐፍ ራሳችሁ አትመልሱ። ጠረጴዛ ላይ ተዉት፤ ሠራተኞቹ ይመልሱታል። ያለቦታው የገባ መጽሐፍ እስከሚቀጥለው ቆጠራ ድረስ እንደጠፋ ይቆጠራል። ሆን ብለው የሚደብቁም አሉ። ፈተና ሲደርስ የአካውንቲንጉን መጽሐፍ ከሃይማኖት መጻሕፍት ኋላ ይወሽቁታል። ገጽ የሚቀድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ምን እንደምለው አላውቅም። ካታሎጉ «አለ» እያለ ሼልፉ ላይ ካጣችሁት ለባለሙያው ንገሩ፤ የሚደበቅባቸውን ጥጎች ያውቋቸዋል።

5. ስምና ዘመን አቀያይሩ

ካታሎግ የጻፋችሁትን ብቻ ነው የሚፈልገው። «ዓለማየሁ» በዓይኑ ዐ ከተመዘገበ በአልፋው አ ብትጽፉ ላይመጣ ይችላል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰና ሠን፣ ጸና ፀን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ይብሳል። ጎጃምን አንዱ በአንድ ጄ፣ ሌላው በሁለት ጄ ይጽፈዋል፤ የድሮ ፈረንጆች ደግሞ ዲ ይጨምሩበታል። ዓባይን የሚፈልግ ሰው «ብሉ ናይል» ብሎም መሞከር አለበት።

የደራሲ ስምም ያሳስታል። የእንዶዳሙን ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁን በእኛ ካታሎግ «ሐዲስ» ብላችሁ ታገኟቸዋላችሁ። የውጭ ዳታቤዝ ግን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ «ዓለማየሁ» ሥር ሊያስቀምጣቸው ይችላል። የመምህራችሁን ጽሑፍ ስትፈልጉም በሁለቱም መንገድ ሞክሩ።

ዘመንን በተመለከተ፣ በኛ 1999 የተካሄደው ቆጠራ በውጭ ሰነድ 2007 ተብሎ ነው የሚገኘው። ሌላው የአስተዳደር ስም ነው። ከ1966ቱ አብዮት በፊት ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር ሆነ። የዛሬው የአዊ አካባቢ በድሮ ሰነድ ባመዛኙ አገው ምድር አውራጃ ተብሎ ነው ያለው። ቢቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞትም አውራጃዎች ነበሩ። የአሁኑን ወረዳ ስም ብቻ ይዛችሁ የ1950ዎቹን ሰነድ ብትፈልጉ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ።

6. አሁን ወደ ኦንላይን

ውድ ጆርናል ገጥሟችሁ ሰላሳ አርባ ዶላር ክፈሉ ሲላችሁ ዝጉት። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ፕሮግራም አለ። ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ናት። አምስት ክፍል አለው፦ ለጤና ሂናሪ፣ ለግብርና አጎራ፣ ለአካባቢ ኦአሬ፣ ለቴክኖሎጂ አርዲ፣ ለሕግ ጎዓሊ። መግቢያው በተቋም ደረጃ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ላይብረሪውን ጠይቁ። የእኛዋ ተማሪ ከአጎራ ትጀምርና ወደ ኦአሬ ታልፋለች። የይለፍ ቃሉን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። ያለአግባብ ከተሰራጨ ተቋሙ በሙሉ ሊዘጋበት ይችላል።

የይለፍ ቃል የማይፈልጉም አሉ። ጉግል ስኮላር ላይ ከርዕሱ በስተቀኝ ፒዲኤፍ የሚል ካለ በነጻ ይወርዳል። የአፍሪካ ጆርናሎችን የሚሰበስበው ኤጆል ብዙ የኢትዮጵያ መጽሔቶችን ይዟል። ስለ እኛ መሬት የተጻፈ ነገር ከትልልቆቹ የውጭ ጆርናሎች ይልቅ እዚያ ይገኛል።

ግዕዝና ታሪክ ለምታጠኑ ሌላ በር አለ። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሂል የሚባል የብራና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። በነጻ ተመዝግባችሁ የተጫኑትን ኦንላይን ማየት ትችላላችሁ። ዲማ ጊዮርጊስ ወይም መርጡለ ማርያም ከመውረዳችሁ በፊት እዚህ ብትፈትሹ ድካም ይቀንሳል። ገዳም ስትሄዱ ግን የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤና የቤተ ክህነቱን ፈቃድ ያዙ። ያለዚያ ዕቃ ቤቱ አይከፈትም፤ መከፈትም የለበትም።

7. መብራት፣ ኔትና ወንበር

ይህን ክፍል የሚዘልል ሰው ኋላ ያማርራል። ኔት ሲኖር አውርዱ፤ ሲጠፋ አንብቡ። ኦንላይን ተቀምጦ ማንበብ ለእኛ አገር አይሆንም። ማታ ወይም ማለዳ ትራፊኩ ሲቀንስ ፋይሎቹን አውርዱና በደራሲና በዓመት ስም ስጧቸው። «ዳውንሎድ 17» የሚባል ፋይል ከሳምንት በኋላ ማን እንደሆነ አታውቁትም። ኔት ለቀናት ሊቋረጥ ይችላል፤ ሳምንታትም የሄደበት ጊዜ አለ። የማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ ፍለጋ የሚጀምር ሰው ያኔ ነው የሚጠመደው።

ላፕቶፑን ዶርም ሞልታችሁ ውጡ። አዳራሹ ውስጥ ሶኬት ጥቂት ስለሆነ ዲቫይደር የያዘ ሰው ወዳጅ ያፈራል። ፍላሽ ግን አትመኑ። ከላይብረሪ ኮምፒውተር ቫይረስ ይዞ መመለሱ የተለመደ ነው። ጽሑፋችሁን በየቀኑ ኢሜይላችሁ ላይ ወይም ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» ላይ አስቀምጡ። ላፕቶፑ ቢሰረቅም ቴሲሱ ይተርፋል።

ወንበር በተመለከተ፣ የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በስፋት ከተጀመረ ወዲህ በፈተና ሰሞን አዳራሹ አይቻልም። ደብተር አስቀምጦ ቁርስ መሄድ ያጣላል፤ ሠራተኞቹም ያነሱታል። ለቴሲስ የምትመጡ ከሆነ ዋናውን አዳራሽ ለተፈታኞቹ ተዉላቸውና የመጽሔት ክፍሉን ወይም የድኅረ ምረቃ ክፍሉን ጠይቁ። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ከባዱን ንባብ ከ6 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ከ8 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ያንገላጅጃል። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ለማታ ንባብ ጋቢ ያዙ።

8. ፎቶ ኮፒና ማስታወሻ

ሙሉ መጽሐፍ ኮፒ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ሕጉ ግን አይፈቅደውም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል ጥቅም አንድ ኮፒ ማንሳትን ይፈቅዳል፤ መጽሐፉን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ክፍል ግን አይደለም። የሚያስፈልጋችሁን ምዕራፍ አንሱ። በስልክ ስታነሱ መጀመሪያ ሽፋኑንና የኅትመት ገጹን አንሱ። ይህን ያልያዘ ሰው ኋላ ዓመቱንና አሳታሚውን ፍለጋ ድጋሚ ይመጣል።

ዋቢ ለመያዝ ዞቴሮ የሚባለው ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ያለ ኔትም ይሠራል። የኢትዮጵያ ስም ስታስገቡ ሁለቱን ሳጥን ወደ አንድ የሚቀይረውን ምልክት ተጫኑና ስሙን ከነአባቱ ባንድ ላይ ጻፉ። ያለዚያ ደራሲውን በአባቱ ስም ይጠራባችኋል። ትምህርት ክፍላችሁ የአባት ስም ይቅደም የሚል ከሆነ ግን የእነሱን መመሪያ ተከተሉ። አማካሪያችሁ የሚያየው እሱን ነው።

9. ክሊራንስና የእናንተ ቅጂ

የተዋሳችሁትን መጽሐፍ ከምርቃቱ ሳምንት ቀደም አድርጋችሁ መልሱ። ለጓደኛ አሳልፋችሁ ከሰጣችሁት ከወዲሁ አምጡት። ክሊራንስ፣ ማለትም ከመውጣታችሁ በፊት ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚረጋገጥበት ሂደት፣ ላይ የሚጠየቀው በስሙ የወጣበት ሰው ነው። መጽሐፍ ከጠፋባችሁ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ አመልክቱ። ያንኑ መጽሐፍ ገዝቶ መተካት ይቻል እንደሆነ ይነግሯችኋል።

የራሳችሁን ቴሲስ ስታስረክቡ ሶፍት ኮፒው መከፈቱን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። በቁልፍ ቃላቱ ውስጥ የወረዳውን ስም አስገቡ። ከተቻለ ቀበሌውንም፣ የድሮውን አውራጃ ስምም ጨምሩ። አብስትራክቱን በአማርኛም አዘጋጁ። መጠይቁን ከአባሪው አታውጡ። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ከኋላ ጀምሮ ሲያነብ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።